ከጠመንጃ ወደ ካሜራ፦ የካርል ኤክሊ ሕይወት

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ፣ መንገደኛው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ ላይ ይቆማል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በደባርቅ ከተማ ነው፤ ጎብኚውም የመግቢያውን ከፍሎ፣ መሪና ጠባቂ ይዞ፣ ጓዙን በበቅሎ አስጭኖ ወደ ሳንቃበር የሚወጣው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ዛሬ ከእነዚህ ጎብኚዎች መካከል ካሜራ ያልያዘ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጭላዳ ዝንጀሮ በገደሉ አፋፍ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ፣ ዋልያም በቋጥኝ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት፣ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ካሜራውን ነው። ከ100 ዓመት በፊት ግን የዱር እንስሳን ፍለጋ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ጠመንጃውን ነበር።

ይህ ለውጥ በአንድ ሰው ጥረት ብቻ የመጣ አይደለም። ሆኖም የለውጡን ጉዞ በገዛ ሕይወቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተጓዘ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም አሜሪካዊው ካርል ኤክሊ ነው። ኤክሊ የሰሜንን ተራሮች አላየም። ነገር ግን የሚሮጥን አውሬ በዱር ውስጥ ተከትሎ ለመቅረጽ የሚመች የሲኒማ ካሜራ የሠራ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ እንዲቋቋምም የወተወተ እርሱ በመሆኑ፣ ታሪኩ በደባርቅና በዳባት ለሚኖር ሰው ባዕድ ሊሆን አይገባም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገበሬው ልጅ

ካርል ኢታን ኤክሊ ሜይ 19 ቀን 1864 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር፣ ክላረንደን በምትባል የገጠር ቀበሌ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ ድሃ ስለ ነበረ በትምህርት ቤት የቆየው ለሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ወፎችንና ትናንሽ እንስሳትን አተኩሮ የመመልከት ልዩ ፍቅር ነበረው። ገና በልጅነቱም የሞቱ እንስሳትን ቆዳ አድርቆ፣ ውስጡን ሞልቶ፣ በሕይወት እንዳሉ አስመስሎ የማቆምን ጥበብ ከመጽሐፍ መማር ጀመረ።

በ1883፣ የ19 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ሮቼስተር በተባለች ከተማ በሚገኝ፣ ለቤተ መዘክሮች የእንስሳት ናሙና በሚያዘጋጅ ድርጅት በሳምንት 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ደመወዝ ተቀጠረ። የዘመኑ አሠራር ግን አሳዘነው። የእንስሳው ቆዳ በጨውና በመርዝ ከታሸ በኋላ አጥንቱ በሽቦ ይታሰራል፤ ከዚያም ቆዳው ቁልቁል ተሰቅሎ ሌላ እስከማይዝ ድረስ ጭድ ይጠቀጠቅበታል። ከዚህ የሚወጣው ነገር የተነፋ ስልቻ እንጂ ሕይወት የነበረው ፍጡር አይመስልም ነበር። ኤክሊ በዚያ ድርጅት ሳለ ካከናወናቸው ሥራዎች ሁሉ ዝነኛው፣ በ1885 በካናዳ በባቡር ተገጭቶ የሞተውን ጃምቦ የተባለውን የሰርከስ ዝሆን ከባልደረባው ጋር ማዘጋጀቱ ነው።

በ1886 ወደ ሚልዋኪ ከተማ ቤተ መዘክር ተዛወረ። እዚያም በ1890 በውሃ ዳር የሚኖሩ ትናንሽ አይጥ መሰል እንስሳትን ከነጎጇቸው፣ ከነሣራቸውና ከነውሃቸው አድርጎ በአንድ መስኮት ውስጥ አሳየ። እንስሳው ብቻውን በጣውላ ላይ ተቸንክሮ መታየቱ ቀርቶ ከመኖሪያው ጋር አብሮ መታየት ጀመረ ማለት ነው። በኋላም በቺካጎ በፊልድ ቤተ መዘክር ሲሠራ አዲስ ዘዴ አዳበረ። በመጀመሪያ የእንስሳውን ጡንቻና ጅማት በጭቃ ይቀርጻል፤ ከቅርጹም ቀላልና ውስጡ ባዶ የሆነ አካል ያወጣል፤ ቆዳውን የሚያለብሰው በዚያ ላይ ነው። ይህን ለማድረግ የእንስሳው አጥንት ልኬት ብቻ አይበቃም ነበር። እንዴት እንደሚራመድ፣ ሲደነግጥ ጆሮውን ወዴት እንደሚያዞር፣ ሲዘል የትኛው ጡንቻው እንደሚወጠር ማየት ያስፈልግ ነበር። ኤክሊን ወደ ሲኒማ ካሜራ የመራው ይህ ፍላጎት ነው።

በአፍሪካ ምድር

ኤክሊ አፍሪካን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጠው በ1896 ነው፤ በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሠራዊት በዐድዋ ድል አድርጎ ነበር። የፊልድ ቤተ መዘክር የእንስሳት ጥናት ኃላፊ ከነበረው ከዳንኤል ኤሊየት ጋር ከበርበራ ተነሥቶ፣ በግመል ጓዝ አስጭኖ፣ ውሃ የለሹን ሜዳ ወደ ኦጋዴን አቅጣጫ ተጓዘ። የጉዞው ዓላማ ግልጽ ነበር፤ እንስሳትን ገድሎ ቆዳቸውንና አጥንታቸውን ወደ ቺካጎ መላክ ነው።

በዚህ ጉዞ ላይ ሳለ ነብር በድንገት ዘለለበት። ጠመንጃው ከእጁ ወድቆ ስለ ነበር ቀኝ ክንዱ በነብሩ ጥርስ እንደተያዘ ክንዱን ከማስለቀቅ ይልቅ ጨብጦ ወደ ጉሮሮዋ ገፋው፤ በሌላው እጁም አንገቷን አንቆ፣ በጉልበቱ ደረቷን ተጭኖ ገደላት። ክንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሞተችው ነብር አጠገብ ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ለብዙ ዘመን ሕዝቡ ኤክሊን የሚያውቀው በዚህ ሥዕል፣ ማለትም አውሬን በባዶ እጁ ያሸነፈ ጀግና በመባል ነበር። እርሱ ራሱ ግን በኋላ ዘመኑ ሊታወቅበት የፈለገው ሥራ ሌላ ነው።

በ1905 ለቺካጎው ቤተ መዘክር፣ በ1909 ደግሞ በኒውዮርክ ለሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ዝሆኖችን ፍለጋ ወደ ዛሬዋ ኬንያ ሄደ። በሁለተኛው ጉዞ የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን በአደን ላይ አግኝቶ አብሮት አድኗል። በእነዚህ ጉዞዎች ያገለገሉትና ሕይወቱን የጠበቁለት አፍሪካውያን ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ገና ልጅ ሳለ ወደ ጉዞው የገባውና ኋላም ጠመንጃ ተሸካሚው የሆነው የኪኩዩ ተወላጅ ዊምቢያ ጊኩንጉ ይገኛል። ኤክሊ በመጽሐፉ ስለዚህ ወጣት ብልሃትና ታማኝነት በሰፊው ጽፏል። የሰሜንን ገደል የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ የውጭ አገር ሰው ስሙን ያስጠራበት ጉዞ ሁሉ መንገድ በሚያውቁና ሸክም በሚሸከሙ የአገር ልጆች ትከሻ ላይ የተደረገ ነውና።

በ1910 በኬንያ ተራራ ጫካ ውስጥ ዝሆን መጣበት። ኤክሊ ሁለቱን ጥርሶች በሁለት እጁ ይዞ በመካከላቸው ገባ። ጥርሶቹ ወደ መሬት ሲጠልቁ ከሥር የነበረ ጠንካራ ነገር ስላቆማቸው ዝሆኑ ፈጽሞ ሊጨፈልቀው አልቻለም፤ ይሁን እንጂ ፊቱ ተቀደደ፤ የጎን አጥንቶቹም ተሰበሩ። የሞተ መስሏቸው አብረውት የነበሩት ሰዎች ትተውት ሸሹ። ባለቤቱ ዴሊያ ወሬውን በሰማች ጊዜ በሌሊት ሰዎች አስነሥታ፣ ጫካውን አቋርጣ ደረሰችለትና ሕይወቱን አዳነች። ለብዙ ወራት ተኝቶ በማገገም ላይ ሳለ አንድ ሐሳብ በልቡ ተጸነሰ። በአንድ ታላቅ አዳራሽ ውስጥ የአፍሪካን እንስሳት ከነመኖሪያቸው አቁሞ ለትውልድ ለማቆየት አሰበ፤ እንስሳቱ ፈጥነው እየጠፉ መሆናቸውን በዓይኑ አይቷልና።

ያልታዘዘው ካሜራ

በዚሁ ጉዞ ላይ ኤክሊ ሌላም ነገር ሞክሮ ነበር። የናንዲ ጎሣ ተወላጆች አንበሳን ከብበው በጦር የሚገድሉበትን ባሕላዊ አደን በሲኒማ ለመቅረጽ ፈልጎ፣ በዘመኑ ከነበሩት ካሜራዎች አንዱን ይዞ ተከተላቸው። አንበሶች ተገደሉ፤ ያሰበው ሥዕል ግን አልተገኘም። አደኑ በቅጽበት ተጀምሮ በቅጽበት ስለሚያልቅ ካሜራው በእግሩ ላይ ተተክሎ፣ አቅጣጫው ተስተካክሎ እስኪዘጋጅ ድረስ ሁሉም ነገር ያልፍ ነበር።

የካሜራው ጉድለት ምን እንደ ነበር ለመረዳት የድምፅ አልባ ፊልም ዘመንን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ካሜራው ከእንጨት ወይም ከብረት የተሠራ ሣጥን ሲሆን በውስጡ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፊልም ጥቅል ይቀመጥበታል። ሞተር የለውም። ቀራጩ በጎኑ ያለውን መዘውር በቀኝ እጁ በአንድ ሴኮንድ ሁለት ጊዜ ያህል እኩል እያዞረ ፊልሙን ያስኬዳል። በእያንዳንዱ ዙር 8 ምስሎች ስለሚነሡ በአንድ ሴኮንድ 16 ምስሎች ይሆናሉ ማለት ነው። እጁ ከፈጠነ ሰዎቹ በመጋረጃው ላይ ሲታዩ የሚንቀራፈፉ ይመስላሉ፤ ከዘገየ ደግሞ ይንቀጠቀጣሉ፤ ይሮጣሉ። ከዚህ ሌላ ካሜራውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ለማዞር አንድ መዘውር፣ ወደ ላይና ወደ ታች ለማዘንበል ሁለተኛ መዘውር በማቆሚያው ላይ ነበሩ። ስለዚህ የሚሮጥ እንስሳን ለመከተል የሚሻ ሰው ሦስት መዘውሮችን በሁለት እጆቹ ማዞር ይጠበቅበት ነበር። በስቱዲዮ ውስጥ ተዋናይ በተነገረው ቦታ ስለሚቆም ችግር የለም፤ አንበሳ ግን ትእዛዝ አይቀበልም።

ቀራጩ የሚያየውም ሌላ እንቅፋት ነበር። ካሜራው እየሠራ ሳለ በሌንሱ በኩል በትክክል የሚታየውን ማየት አስቸጋሪ ስለ ነበር ብዙ ጊዜ የሚሠራው በግምት ነበር። በጫካ ጥላ ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ ስለማይበቃ ምስሉ ይጨልማል።

ክቡ ካሜራ

ኤክሊ በ1911 ወደ አሜሪካ ሲመለስ ችግሩን ለመፍታት ተነሣ። ለፈጠራ አዲስ አልነበረም። የቺካጎው ቤተ መዘክር ግድግዳ ልስን እየተፈረፈረ ባስቸገረ ጊዜ ሲሚንቶን በተጨመቀ አየር የሚረጭ መሣሪያ ፈልስፎ ነበር። ይህ ዘዴ እየተሻሻለ ዛሬም በዋሻና በግድብ ግንባታ ይሠራበታል። ሦስት ዓመት ያህል ብቻ የተማረው የገበሬ ልጅ እጁና ዓይኑ የተባበሩ መሐንዲስ ነበር።

ከብዙ ሙከራ በኋላ ከእርሱ በፊት ከነበሩት ሁሉ የተለየ ካሜራ ሠራ። ቅርጹ ሣጥን መሆኑ ቀርቶ እንደ ከበሮ ክብ ሆነ፤ የሙያው ሰዎችም ከክብነቱ የተነሣ በአገራቸው ቂጣ ስም ፓንኬክ እያሉ ይጠሩት ነበር። ትልቁ ብልሃት ግን በማቆሚያው ራስ ላይ ነበር። በውስጡ በጥርሳም መዘውሮች አማካይነት በፍጥነት የሚሽከረከሩ ከባድ ጎማዎች ነበሩበት። ቀራጩ አንዲት ዘንግ በግራ እጁ ይዞ ካሜራውን ወደ ጎንም ወደ ላይም ሲያዞር የጎማዎቹ ሽክርክሪት መንቀጥቀጡን ስለሚያስታግስ እንቅስቃሴው እንደ ውሃ ፍሰት ለስላሳ ይሆናል። ሦስቱ መዘውሮች ሁለት ሆኑ፤ አንዱ እጅ ፊልሙን ያስኬዳል፣ ሌላው እጅ እንስሳውን ይከተላል።

ለዓይንም መላ አበጀ። ሁለት አቻ ሌንሶችን ጎን ለጎን ገጠማቸው፤ አንዱ በፊልሙ ላይ ይቀርጻል፣ ሁለተኛው ለቀራጩ ዓይን ያሳያል። ሁለቱም አብረው ስለሚስተካከሉ ቀራጩ ያየው ነገር ጥርት ካለ የተቀረጸውም ጥርት ያለ ነው። ማያው መገጣጠሚያ ስላለው ካሜራው በሰማይ የሚበር ንስር ለመከተል ወደ ላይ ቢያንጋጥጥ እንኳ ሰውየው ከቆመበት ሳይንበረከክ ማየቱን ይቀጥላል። ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ ደግሞ በክቡ አካል ዙሪያ እንዲዞር በማድረግ ከሌሎች ካሜራዎች ይልቅ አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ብርሃን እንዲገባ አስቻለ፤ ለጫካ ሥራ ይህ ትልቅ ጥቅም ነበር። የፊልሙ ጥቅል 200 ጫማ፣ ማለትም 60 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከሦስት ደቂቃ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ይበቃል። ጥቅሉ ሲያልቅ በሌላ ፈጥኖ መተካት ይቻል ነበር።

ካሜራው በ1917 አካባቢ ለገበያ ሲቀርብ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ነበር የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተቀብሎ ተጠቀመበት። ከጦርነቱ በኋላ ሮበርት ፍላሄርቲ በ1920 ወደ ሰሜን ካናዳ በረዷማ አገር ሁለት የኤክሊ ካሜራዎች ይዞ ሄደ። በዚያ ብርድ ቅባት ሁሉ ስለሚረጋ፣ በዘይት ፈንታ በግራፋይት የሚለሰልስ ካሜራ ያስፈልገው ነበር። በ1922 ለሕዝብ ያቀረበው የኢኑይት ቤተሰብ ኑሮ ፊልም ናኑክ ከዘጋቢ ፊልሞች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በሆሊውድም የፈረስ ግልቢያን፣ የመኪና ሩጫንና የአየር ላይ ውጊያን የሚቀርጹ፣ የኤክሊ ካሜራ ባለሙያ ተብለው ለብቻቸው የሚቀጠሩ ሰዎች ተነሡ። ለዱር እንስሳ የተበጀው መሣሪያ የዓለምን ሲኒማ እንቅስቃሴ አስተማረ ማለት ይቻላል።

በሚኬኖ ተራራ

ኤክሊ ግን ካሜራውን የሠራው ለሆሊውድ አልነበረም። በ1921 ይዞት ወደ ቤልጅግ ኮንጎ፣ ጎሪላ ወደሚኖርባቸው የእሳተ ገሞራ ተራሮች ሄደ። በዚያ ዘመን ጎሪላ ሰው የሚያጠቃ ጨካኝ አውሬ እንደ ሆነ ይወራ ነበር። ኤክሊ በሚኬኖ ተራራ ዳገት ላይ እናት ጎሪላና ግልገሎች በተጋደመ ግንድ ላይ ሲጫወቱ አይቶ ካሜራውን አዞረ። በዱር የሚኖር ጎሪላ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በፊልሙ ላይ የታየው ተረት የሚያወራለት ጭራቅ ሳይሆን ሰላማዊ ቤተሰብ ነበር።

በዚያው ጉዞ ግን ለቤተ መዘክሩ አምስት ጎሪላዎች ተገድለዋል። ይህን መሸፋፈን ለእውነት አይስማማም፤ ራሱ ኤክሊም አልሸፋፈነውም። የሞተውን ታላቅ ወንድ ጎሪላ ፊት ባየ ጊዜ ነፍሰ ገዳይ የሆነ ያህል እንደ ተሰማው በጽሑፉ ገልጿል። ከመሪዎቹ አንዱ በጦር የወጋው ግልገል ሲሞት የነበረው የልመና ፊትም ከኅሊናው አልጠፋም። ቀደም ሲል በብዙ አደን ያልተናወጠ ልብ በዚህ ተራራ ላይ ተሰበረ። ይህ ሰው 25 ዓመት ሙሉ በጠመንጃ አፈሙዝ በኩል እንስሳትን ተመልክቷል፤ በዚያ ዳገት ግን በሌንስ በኩል ረጋ ብሎ ሲመለከት ቆየ። ከሁለቱ እይታዎች የትኛው እንዳሸነፈ ከዚያ በኋላ ያደረገው ይመሰክራል።

ወደ አገሩ ሲመለስ ጎሪላዎቹ ከአዳኝ የሚጠበቁበት ክልል እንዲኖር ለቤልጅግ መንግሥት ማመልከትና ሰዎችን ማስተባበር ጀመረ። የቤልጅግ ንጉሥ አልበርት በ1919 አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ ብሔራዊ ፓርኮችን አይተው ስለ ነበር ሐሳቡን በደስታ ተቀበሉት። ኤፕሪል 21 ቀን 1925 በወጣ ድንጋጌ ሚኬኖን፣ ካሪሲምቢንና ቪሶኬን ያቀፈው የአልበርት ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ይህ ነው። ዛሬ በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ቪሩንጋ እየተባለ ይጠራል።

ነገሩን በሚዛን ለማየት ግን ሌላውንም ገጽ ማንሣት ይገባል። ያ ፓርክ በቅኝ ገዢዎች ድንጋጌ የተከለለ ስለ ነበር፣ በአካባቢው የሚያርሱና ከብት የሚያግዱ ሰዎች አሳባቸው ሳይጠየቅ መሬታቸውን ያጡበት ሥራም ነው። እንስሳውን በርኅራኄ ያየ ዓይን፣ በዚያው ተራራ ሥር የሚኖረውን ሰው በእኩል ርኅራኄ አላየውም። ይህ የኤክሊ ብቻ ሳይሆን የዘመኑ ሁሉ ጉድለት ነበር፤ ያስከተለው ቅሬታም እስከ እኛ ዘመን ደርሷል።

ኤክሊ በ1924 ካገባት ከሁለተኛ ባለቤቱ ከሜሪ ጆብ ጋር በ1926 ወደ አፍሪካ ተመለሰ። ያለመው አዳራሽ እንዲሞላ ከሠዓሊዎችና ከባለሙያዎች ጋር ከሠራ በኋላ ወደሚወደው ተራራ ወጣ። ነገር ግን ጉዞው ያደከመው ሰውነቱ በትኩሳትና በሕመም ተሸነፈ፤ ኖቬምበር 17 ቀን 1926 በ62 ዓመቱ በሚኬኖ ዳገት ላይ ዐረፈ። የተቀበረውም በዚያው፣ የመጀመሪያዎቹን ጎሪላዎች ባየበት አካባቢ ነው። ሜሪ ጆብ ሐዘኗን ይዛ እዚያው በመቆየት የጀመረውን ሥራ ከባልደረቦቹ ጋር አከናወነች። በኒውዮርክ ያለው አዳራሽ በ1936 በስሙ ተከፈተ፤ 28 ታላላቅ ትርኢቶችም ዛሬ ድረስ ይታዩበታል። በ1967 ጎሪላን ለማጥናት የመጣችው ዳያን ፎሲ የመጀመሪያ ድንኳኗን የተከለችው በካባራ፣ ከኤክሊ መቃብር አጠገብ ነበር። ይጠፋሉ ተብሎ የተፈራላቸው የተራራ ጎሪላዎችም ዛሬ ከ1,000 በላይ ሆነዋል።

በዚያው ወራት በሰሜን ተራሮች

ኤክሊ በሚኬኖ ሲያርፍ፣ ቀድሞ ያገለገለው የፊልድ ቤተ መዘክር ከቺካጎ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ ጋር በመተባበር የላካቸው ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ነበሩ። መሪያቸው የእንስሳት ተመራማሪው ዊልፍሬድ ኦስጉድ ነበር፤ ከአባላቱ አንዱ ደግሞ ታላቁ የወፎች ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ነው። እስከ 1927 በቆየው ጉዟቸው የአርሲን ተራሮች፣ ጎጃምንና ጎንደርን አይተው ወደ ሰሜን ተራሮችም ወጡ፤ ለቤተ መዘክራቸውም ዋልያ አደኑ። ፉዌርቴስ በጠመንጃ የተገኘውን ሁሉ በብሩሽ ሕይወት ይሰጠው ነበር። ወደ አገሩ በተመለሰ ጥቂት ወራት ውስጥ፣ በኦገስት 1927፣ መኪናው በባቡር ተገጭታ ሞተ፤ በመኪናው ውስጥ የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎቹ ግን ሳይጎዱ ተገኙ።

ያን ጊዜ ዋልያን ለማየት ከቺካጎ የመጣ ሰው ዋልያን መግደል ነበረበት። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተከለለ፤ በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በ1996 ለአደጋ ከተጋለጡት ቅርሶች መዝገብ ቢገባም በ2017 ከዚያ ወጥቷል። በዱር የሚኖር ዋልያ በመላው ዓለም ከእነዚህ ተራሮች በቀር አይገኝም፤ ቁጥሩም በመቶዎች ብቻ የሚገመት ነው።

ይህ ጥበቃ ግን እንደ ቪሩንጋ ሁሉ ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። በፓርኩ ውስጥ ገብስ ሲዘሩና በግ ሲያረቡ የኖሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ጎብኚው በግጭ አምባ ላይ ካሜራውን ሲያዞር የሚያየው ሰፊ ሜዳ፣ ትናንት የሰው ጎጆ ጭስ ይወጣበት የነበረ ቦታ ነው። ዋልያው እንዲተርፍ አባወራው ጓዙን ጠቅልሎ ከወረደ፣ ከዋልያው የሚገኘው ጥቅም በቅድሚያ ለዚያ አባወራና ለልጆቹ ሊደርስ ይገባል። በመንገድ መሪነት፣ በጠባቂነት፣ በበቅሎ ኪራይ የሚተዳደሩ የደባርቅና የአካባቢዋ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ጎብኚ የጠፋበትን ወራት በቤታቸው ቆጥረውታልና።

ውድ አንባቢ፣ የካርል ኤክሊ ሕይወት ቅዱስ አድርገን የምንስለው ሕይወት አይደለም። ብዙ ገድሏል፤ በገደላቸውም ዝና አግኝቷል። ነገር ግን አተኩሮ ለማየት ብሎ የሠራው መሣሪያ እርሱን ራሱን መልሶ እንዳስተማረው፣ ባየውም ነገር ተጸጽቶ መንገዱን ለመለወጥ እንዳላፈረ ታሪኩ ያስረዳናል። በመጨረሻ ዘመኑ ከተራራው ላይ ሊወስድ ከሄደው ይልቅ በተራራው ላይ እንዲቀር የጣረለት በዝቷል። ከእርሱ ዘመን ሰዎች የጎደለውን መሙላት ግን የእኛ ድርሻ ነው። በሳንቃበር ጥግ ካሜራውን የሚያነሣ ጎብኚም ሆነ ፓርኩን የሚያስተዳድር ባለሥልጣን፣ ዋልያውን ባየበት ዓይን ከተራራው በታች በዳባትና በደባርቅ የሚያርሰውንም ሰው ሊያይ ይገባዋል።